ሞተሩ የተቀየረ ኮምቢ “ኦሪጂናል” ነው?

የመኪና ደላላ ከሚያውቃቸው ምስጋናዎች ሁሉ ትልቁ “ሞተሩ አልተከፈተም!” የሚለው ነው። ጎማው ያለቀ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ወንበሩ የተቀደደ ቢሆን እንኳ ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ዋጋውን ከፍ ታደርገዋለች። ገዢውም የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያይና ልቡ ያርፋል። ያልተነካ ነገር ይታመናል፤ የተነካ ነገር ይጠረጠራል።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ባለገንዘቦችም ይህንኑ የደላላ ቋንቋ ኮትና ከረባት አልብሰው ይናገሩታል። ለእነሱ አንድ አሮጌ መኪና ሙሉ ክብር የሚያገኘው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ሞተር ዛሬም በሆዱ ውስጥ ካለ ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ “ቆንጆ ነው፣ ግን…” ይባላል። ያቺ “ግን” ብዙ ሺህ ዶላር ታወጣለች።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ላይ አንድ የታወቀ መኪና እናስቀምጥ፤ የቮልስዋገን ኮምቢን። ፊቱ ክብ፣ ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተር የሌለው ያ አሮጌ ሚኒባስ። ዛሬ ከሚሽከረከሩት አሮጌ ኮምቢዎች መካከል እጅግ ብዙዎቹ የያዙት ሞተር የተወለዱበት አይደለም። ታዲያ ታሪካቸው ተበላሽቷል? የዚህ ጽሑፍ መልስ “አልተበላሸም” ነው። እንዲያውም የኮምቢ ታሪክ ከመነሻው የሞተር መዋዋስ ታሪክ ነው። የተቀየረውን ሞተር ከፍቶ የሚያድስ መካኒክ ታሪክ የሚያነብ ሰው ነው፤ ችግር የሚመጣው ያነበበውን የደበቀ ዕለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከመነሻው በውሰት

ጊዜው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጀርመን ፈርሳለች። የቮልፍስቡርግ የመኪና ፋብሪካ በእንግሊዝ ጦር እጅ ነው፤ የሚመራውም ሜጀር አይቫን ኸርስት የተባለ መኮንን ነው። ፋብሪካው ውስጥ ዕቃ የሚያመላልስ ተሽከርካሪ ስላነሰ ሠራተኞቹ እኛ “ቮልስ” የምንላትን ትንሽ መኪና ቻሲ ወስደው፣ ከላዩ ጠፍጣፋ መጫኛ አድርገው፣ ሞተሩን ከኋላ እንደነበረ ትተው አንድ የዕቃ ጋሪ ሠሩ። መልኩን አይቶ የሚመኘው አልነበረም፤ ግን ይሠራል።

ይህን ጋሪ ያየ ቤን ፖን የተባለ የሆላንድ ነጋዴ አንድ ሐሳብ መጣለት። ሚያዝያ 23 ቀን 1947 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሳጥን የመሰለ መኪና ሣለ፤ ሾፌሩ ከፊት ጫፍ፣ ሞተሩ ከኋላ ጫፍ፣ ጭነቱ ከመሐል። በጥቂት መስመር የተሣለችው ያቺ ንድፍ የኮምቢ የልደት ወረቀት ናት ማለት ይቻላል።

እንግሊዞች ለፋብሪካው ኃላፊነት የሾሙት ሃይንሪሽ ኖርድሆፍ በ1948 ሥራውን ሲረከብ ሐሳቡን አነሣው። የመጀመሪያው ሙከራ የቮልስን ወለል እንዳለ ተጠቅሞ ነበር፤ ወለሉ ጭነቱን አልቻለም። ስለዚህ አካሉ እንደ አዲስ ተሠራ። ሞተሩ ግን አልተቀየረም፤ ያው የቮልስ ሞተር ሆኖ ቀረ። መኪናው በኅዳር 1949 ለጋዜጠኞች ታየ፤ በመጋቢት 1950 መመረት ጀመረ። የሞተሩ መጠን 1131 ሲሲ፣ ጉልበቱ 25 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር።

ያ ሞተር ራሱ ለኮምቢ የታሰበ አልነበረም። በ1930ዎቹ በፈርዲናንድ ፖርሼ ቢሮ ፍራንዝ ራይምሽፒስ የተባለ መሐንዲስ ለትንሿ የሕዝብ መኪና የነደፈው ነው። መጀመሪያ 985 ሲሲ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ኩብልቫገን ለተባለችው የወታደር መኪና ሲባል ወደ 1131 አደገ። ስለዚህ የመጀመሪያው ኮምቢ ከፋብሪካ በወጣ ቀን የያዘው ሞተር ለሌላ መኪና የታሰበ፣ በሦስተኛ መኪና ጦር ሜዳ የዋለ ነበር። “ኦሪጂናል” የሚለው ቃል ገና ከዚህ ይንገዳገዳል።

አራት ብሎንና አንድ ክሪክ

ብዙ መኪና ላይ ሞተር ማውረድ ትልቅ ሥራ ነው። ራዲያተሩ ይነቀላል፣ ውኃው ይፈሳል፣ ማንሻ ሰንሰለት ይመጣል፣ ጎረቤት ይጠራል። የኮምቢ ሞተር ግን በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ራዲያተርም የውኃ ቱቦም የለውም። በመጀመሪያዎቹ ኮምቢዎች ላይ ከካምቢዮው ጋር የሚያይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። የቤንዚን ጎማ፣ የነዳጅ መስጫ ገመድ፣ የማሞቂያ ገመዶችና ጥቂት የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ከተላቀቁ በኋላ ሞተሩ በክሪክ ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። የለመደ መካኒክ ከምሳ በፊት ይጨርሰዋል።

ፋብሪካውም ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። በ1958 ቮልስዋገን በካሰል ከተማ አጠገብ ባውናታል በሚባለው ቦታ አዲስ ፋብሪካ ከፈተ። የመጀመሪያ ሥራው አዲስ መኪና መገጣጠም አልነበረም፤ ያረጁ ሞተሮችንና ካምቢዮዎችን ማደስ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ደንበኛው የደከመ ሞተሩን ለነጋዴው ይሰጣል፣ በምትኩ የታደሰ ሞተር ይገጠምለታል፣ መኪናው ወደ ሥራው ይመለሳል። የተሰጠው አሮጌ ሞተር ተፈትቶና ታድሶ ለሌላ ሰው መኪና ይደርሳል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ዳቦ የሚያከፋፍል፣ ደብዳቤ የሚያደርስ ወይም ሠራተኛ የሚያመላልስ ኮምቢ ሞተሩ ሲደክም ሁለት ሳምንት ጋራዥ የሚተኛበት ጊዜ የለውም። ሞተር መቀየር ለእሱ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ሰብሳቢው እንደ ጉድለት የሚቆጥረው ነገር ያኔ በፋብሪካው ራሱ የሚሸጥ አገልግሎት ነበር።

ሞተር እያደገ፣ መኪና እየተከተለ

የኮምቢ ሞተር በየጥቂት ዓመቱ አደገ። ከ1131 ሲሲ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ 1192፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ 1493 ደረሰ። በ1967 ሁለተኛው የኮምቢ ትውልድ ሲመጣ 1584 ሲሲ ሆነ፤ በተለምዶ “1600” የሚባለው ማለት ነው። ከውጭ ሲታይ ግን ሁሉም ወንድማማች ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ ሁለቱ ወደ ግራ፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ ተኝተው።

የ1950ዎቹ ኮምቢ ባለቤት 30 የፈረስ ጉልበት ይዞ ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት፣ ጎረቤቱ ደግሞ ግጭት የደረሰባትን ቮልስ ከነ1600 ሞተሯ ሲሸጥ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ሞተሩ ተቀየረ። ይህ በጀርመንም፣ በአሜሪካም፣ በብራዚልም፣ በሜክሲኮም ሆኗል።

ነገሩ ግን አንዱን አውጥቶ ሌላውን እንደ መክተት ብቻ አይደለም። የቀድሞዎቹ መኪኖች በ6 ቮልት ይሠሩ ነበር፤ ወደ 12 ቮልት የተዛወሩት በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው። ፍላይዊሉም አብሮ ተቀየረ፤ የአሮጌው ጥርስ 109፣ የአዲሱ 130 ነው፤ ዲያሜትሩም ሰፋ። ስለዚህ አዲሱን ሞተር ከአሮጌ ካምቢዮ ጋር ለማገናኘት የካምቢዮውን አፍ ከውስጥ መሞረድ ያስፈልጋል፤ ፍሪሲዮኑና ሞተሪኖውም እንዲስማሙ ይደረጋል። ዛሬ አንድን የ1950ዎቹ ኮምቢ ካምቢዮ ከፍታችሁ የሞረድ ጭረት ብታገኙ፣ ያ ጭረት አንድ ያልታወቀ መካኒክ ከዐሥርተ ዓመታት በፊት ትቶት የሄደው ፊርማ ነው።

ሲከፈት ምን ይነበባል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ኮምቢው ተገዛ፤ ሞተሩ የተቀየረ ነው፤ ያጨሳል፣ ዘይት ያንጠባጥባል። ሊታደስ ተወረደ። መካኒኩ ምን ያያል?

መጀመሪያ ቁጥሩን ያያል። ከዲናሞው ማቆሚያ በታች በሞተሩ አካል ላይ ፊደልና ቁጥር ተመትቷል። ፊደሉ ሞተሩ የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነና በግምት የየትኛው ዘመን እንደሆነ ይናገራል። የ1950ዎቹ መኪና በ1970ዎቹ ፊደል ቢገኝ ሁለት ታሪኮች መገናኘታቸውን ወዲያው ታውቃላችሁ።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን ሳይፈታ ክራንክ ሻፍቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ ይለካል። የሚፈቀደው እንቅስቃሴ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ወረቀት ውፍረት ብዙም አይርቅም። ልኩ የሚስተካከለው በፍላይዊሉ ጀርባ በሚገቡ ሦስት ስስ ቀለበቶች ነው። እንቅስቃሴው በጣም ከበዛ ግን ቀለበት አያድነውም፤ ክራንኩ የሚቀመጥበት አካል ራሱ ተመትቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ቴስታታው ይወርዳል። እዚህ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጉዳት የሦስተኛው ሲሊንደር ነው። በአሮጌዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ሳጥን ውስጥ ስለተቀመጠ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው አየር አስቀድሞ የሞቀ ነበር። የጭስ ማውጫ ቫልቩ ይቃጠላል፤ ክፉ ቀን ከሆነም ራሱ ተበጥሶ ፒስተኑን ይበሳል። ፋብሪካው በ1970 ገደማ ማቀዝቀዣውን ወደ ውጭ አውጥቶ ሌላ የአየር መንገድ ሰጠው። ስለዚህ የሦስተኛውን ቫልቭ ጉዳት የሚያይ መካኒክ የአንድን ሾፌር ጥፋት ብቻ አያይም፤ ሃያ ዓመት የቆየ የንድፍ ድክመትም ያያል።

አራተኛ፣ የሞተሩ አካል ለሁለት ይከፈላል። እንደ ዳቦ መሐሉ ላይ የሚገጥም፣ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ቀላል ብረት ነው። ክራንኩ የሚያርፍባቸው ብረቶች በጀርባቸው ላይ ልካቸው ተጽፏል። የፋብሪካ ልክ ከሆነ እዚያ ድረስ ማንም አልቆረጠውም። ክራንኩ የተላገው በየ0.25 ሚሊ ሜትር ደረጃ ነው፤ ልኩ 0.50 ያነሰ ቢል ሞተሩ ከዚህ በፊት ተከፍቶ ያውቃል ማለት ነው። ደላላው “አልተከፈተም” ያለውን ብረቱ ራሱ ያፈርሰዋል።

አምስተኛውና ብዙ ሰው የሚንቀው ቆርቆሮው ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር የሚኖረው ከላይ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ከታች ከሚወጣው ትኩስ አየር ጋር እስካልተቀላቀለ ድረስ ነው። ይህን የሚለዩት በሞተሩ ዙሪያ ያሉ ቆርቆሮዎችና የጎማ ማሸጊያዎች ናቸው። ሞተር ሲቀየር “ይቺ ምን ትሠራለች?” እየተባለ አንዱ ቆርቆሮ ይጣላል፣ ሌላው ማሸጊያ አይገጠምም። መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ሁሉ ሰላም ይመስላል። የሙቀት መለኪያ ጌጅም የለውም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ሞተሩ በዝምታ ይነድዳል። ኮምቢ ደግሞ ከቮልስ በጣም ይከብዳል፤ ያንኑ ሞተር ይዞ ብዙ ሰውና ዕቃ ይጎትታል። ስለዚህ ከቮልስ የመጣ ሞተር ኮምቢ ውስጥ ቶሎ ሲሞት ጥፋቱ የሞተሩ ላይሆን ይችላል፤ የተጣለችው ቆርቆሮ ናት።

ከዚህ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። አካሉ ተለክቶ ካስፈለገ መስመሩ እንደገና ይቦረቦራል። የተበሉ የብሎን ጥርሶች በብረት ማጠናከሪያ ይተካሉ። ሲሊንደር፣ ፒስተንና ፋሻ አብረው በአዲስ ይገባሉ። ሞተሩ ሲነሣ ለሃያ ደቂቃ ያህል በ2000 ዙር አካባቢ ይያዛል፤ ከዚያ ዘይቱ ይቀየራል። የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ ፊልትሮውም ተራ የሽቦ ወንፊት ነው። ቫልቩ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ካልተስተካከለ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው።

የመሐንዲሱ መጽሐፍና የብራዚል ፋብሪካ

ይህን ዕውቀት ከጋራዥ አውጥቶ ወደ ሳሎን ያስገባው ጆን ሙር የተባለ አሜሪካዊ ነው። የአውሮፕላን ኢንዱስትሪ መሐንዲስ ነበር፤ ያን ሕይወት ትቶ ኒው ሜክሲኮ ገባ። በ1969 ቮልስዋገንን በሕይወት ስለማቆየት፣ ጭራሽ መካኒክነት ለማያውቅ ሰው የተጻፈ መመሪያ አሳተመ። ፒተር አሽዋንደን የተባለ ሠዓሊ ሥዕሎቹን ሠራለት። መጽሐፉ ሞተር አውርዶ እስከ ማደስ ድረስ አንባቢውን እጁን ይዞ ይወስደዋል። ገንዘብ የሌለው ወጣት ገዝቶት በዘይት እያቆሸሸ አነበበው። የሂፒዎቹ ኮምቢ ያን ያህል ዕድሜ ያገኘው በአበባ ሥዕሉ ሳይሆን ባለቤቶቹ መፍቻ መያዝ ስለተማሩ ነው።

ሌላው ምስክር ብራዚል ናት። እዚያ ኮምቢ ከ1957 ጀምሮ ተመረተ። ጀርመን አዳዲስ ትውልድ እያወጣች ስትሄድ ብራዚል አሮጌውን መልክ ይዛ ቀጠለች። በ2005 መጨረሻ የልቀት ሕግ ሲጠብቅ ፋብሪካው ራሱ ምን አደረገ? በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተር አውጥቶ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ በቤንዚንም በኤታኖልም የሚሠራ 1.4 ሊትር ሞተር አስገባ። ለራዲያተሩ ሲባል ከፊቱ ላይ ጥቁር ፍርግርግ ተለጠፈበት። ኮምቢው በዚህ መልክ እስከ 2013 መጨረሻ ተመረተ፤ ከ2014 ጀምሮ ኤርባግና ኤቢኤስ ግዴታ ስለሆነ ቆመ። እንግዲህ ሞተሩን የቀየረው ፋብሪካው ከሆነ “ኦሪጂናል”፣ የሰፈር መካኒክ ከሆነ “የተበላሸ” ልንል ነው?

የቁጥር ነገር

ለሌላው ወገን ፍትሕ እንስጥ። የፋብሪካ ሞተራቸውን እንደያዙ የቀሩ የ1950ዎቹ ኮምቢዎች ጥቂት ናቸው፤ ሊጠበቁም ይገባል። ያኔ ብረት እንዴት ይቀለጥ፣ እንዴት ይላግ እንደነበረ የሚያሳዩ ማስረጃዎች ናቸው። ሙዚየም ውስጥ የሚቀመጥ ኮምቢ ሞተሩ ባይቀየር ጥሩ ነው።

ችግሩ ገበያው ይህን የጥንቃቄ ሐሳብ ወደ ዋጋ መለወጡ ነው። በ2011 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ባለ23 መስኮት የ1963 ኮምቢ በጨረታ 217,800 ዶላር ተሸጠ። ዋጋው እዚህ ሲደርስ ፈተናው ይመጣል። ቁጥሩ ያልገጠመ ሞተር የያዘ ሰው ቁጥሩን ሞርዶ ሌላ ቢመታበትስ? በጥንታዊ መኪና ገበያ ይህ ማጭበርበር የታወቀ ነው፤ ገዢዎች የቁጥሩን ቅርጽና የብረቱን ገጽ በማጉያ መነጽር የሚመረምሩት በከንቱ አይደለም። ለእኔ እውነተኛው የታሪክ ማበላሸት ይኼ ነው። ሞተር የቀየረ ሰው በታሪኩ ላይ አንድ ምዕራፍ ጨምሯል፤ ቁጥር የሞረደ ሰው ግን ገጹን ቀድዶ የሐሰት ገጽ ሰፍቶበታል።

የእኛስ ጋራዥ?

ይህ ታሪክ ለአዲስ አበባ ሰው ባዕድ አይደለም። ቮልስ እዚህ ከተማ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ኖራለች፤ ሞተሯም የኮምቢው ዘመድ ነው። የመካኒኮቻችን ቋንቋ ራሱ ሞተሩ እንደተቀየረ መኪና ነው፤ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ማንም “ቋንቋችሁ ኦሪጂናል አይደለም” አይለንም፤ በእነዚያ ቃላት ጀርመንም ጃፓንም የሠሩት ሞተር ሲታደስ ኖሯል።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ ይነካናል። በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እዚህ ያሉት የነዳጅ መኪኖች እያረጁ ይሄዳሉ፤ ሞተራቸው መታደሱ ወይም መቀየሩ አይቀርም። ያኔ “ያልተከፈተ ሞተር” የሚለው ምስጋና ትርጉም ያጣል። የሚያስፈልገን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ማን ከፈተው? መቼ? ምን ለካ? ምን ቀየረ? ሊብሬው ላይ አዲሱ የሞተር ቁጥር ተመዝግቧል?

ቮልስዋገንም በ2020 የ1966 ኮምቢ ወስዶ ሞተሩን አውጥቶ 83 የፈረስ ጉልበት ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር የገጠመበት መኪና አሳይቷል። ነገ ብዙ አሮጌ ኮምቢዎች ይህን መንገድ ይከተሉ ይሆናል። ይሁን። ግን በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተር የሚያድስ ሰውም ሆነ በባትሪ የሚተካው ሰው አንድ ዕዳ አለበት፤ ያወጣውን ሞተር ቁጥር፣ ያስገባውን ሞተር ቁጥር፣ የክራንኩን ልክ፣ የሠራበትን ቀን በአንድ ወረቀት ጽፎ ከመኪናው ጋር ማኖር። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሞተሩን የሚያወርደው መካኒክ ያቺን ወረቀት ሲያገኝ ካለፈው ሰው ጋር ይነጋገራል። እስከዚያው ደላላው “ሞተሩ አልተከፈተም” ሲላችሁ “ማን በደንብ ገጠመው?” ብላችሁ ጠይቁት።